ልጆቻችን ያደጉበት አውቶቡስ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣

የምንኖረው በደቡብ ዳኮታ፣ ከሱ ፎልስ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ሦስቱም ልጆቻችን ትምህርት ቤት የተመላለሱት በአንድ ቢጫ አውቶቡስ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1998 ኢንተርናሽናል። የጠጠሩ መንገድ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ስለሚያነሳቸው ለኋላ ወንበር ይሻሙ ነበር። አሁን ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። አውቶቡሱም ተሸጦ አንድ ገበሬ ጎተራ ጀርባ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ በ3,000 ዶላር ገዝቶ ለቤተሰብ ጉዞ ሊያድሰው ፈልጓል። እኔ የሚታየኝ ግቢያችን ውስጥ የሚዝግ ብረት ነው። እምቢ ስለው ግን የልጆቹን ትዝታ የናቅሁ ይመስለዋል። ምን ይሻለኛል?

የሦስት ልጆች እናት

መልስ

ውድ እህታችን፣

እሺም እምቢም አይበሉ፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ከሥሩ እዩት። እናንተ ያልተስማማችሁበትን ወለሉ ይወስነዋል።

በእናንተ አገር የአውቶቡስ ጠላት ጨው ነው። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ሻንሲውን ከታች ይበላል፤ በልጆች ጫማ የገባው ደግሞ ወለሉን ከላይ። ወለሉ ከታች ላሜራ፣ መካከሉ ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ነው። ከመስኮት ጠርዝና ከኋላ በር የሰረገ ውሃ ኮምፔንሳቶው ውስጥ ስለሚቀር፣ ምንጣፉ ደረቅ ሆኖ ሳለ ሥሩ በስብሶ ይገኛል። ካቻቢቴ ይዛችሁ የመግቢያውን ደረጃ፣ ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለውን ላሜራና የወንበር ቡሎኖቹ የሚያልፉበትን ቦታ ውጉ። ካቻቢቴው ከገባ ወለሉ በሙሉ መነሣት አለበት። ያ ደግሞ ወንበሮቹን ሁሉ በግራይንደር እየቆረጡ ማውጣት ማለት ነው። ሻንሲው ላይ ስስ ዝገት አያስፈራም፤ ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ እየተቀረፈ የሚረግፍ ከሆነ ግን ትታችሁት ተመለሱ። የፍሬን ቱቦዎቹንም በእጅ ዳስሱ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ።

ልጆቹን ያነሳቸው ከኋላ እግሩ አልፎ የተንጠለጠለው ረጅም አካሉ ነው። አካሉን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ማሰሪያዎች እዚያ ጋ ላልተው እንደሆነ እዩ።

የዚያ ዘመን ኢንተርናሽናል ብዙ ጊዜ የሚገጠምለት ሞተር ዲቲ 466ኢ ነው፤ ስድስት ፒስተን፣ 7.6 ሊትር። ጠንካራ ሞተር ነው፤ ካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ፣ ሲያረጅ ይለወጣል። ድክመቱም ከዚያው ነው፦ የራዲያተሩ ፈሳሽ ካሚቻውን በቀጥታ ስለሚነካው፣ መከላከያ ኬሚካሉ ሳይጨመርበት ከቆየ ካሚቻው ከውጭ እየተቦረቦረ ይበሳና ውሃው ወደ ዘይት ይገባል። ስለዚህ ገበሬው «ላስነሳላችሁ» ሲል አስቁሙትና የዘይት መለኪያውን ሳቡ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ አይነሣ። ደህና ከሆነ መጀመሪያ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ፣ ከዚያ አስነሡ። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ አስቀምጡበት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። ከተወረወረ የፒስተኖቹ ፋሻ (ቀለበት) አልቋል።

ካምቢዮው አሊሰን ኤቲ 545 የተባለው አውቶማቲክ ከሆነ ለሜዳ መንገድ ይበቃል። ባለቤትዎ ያሰቡት በግዛታችሁ ምዕራብ ያሉትን የብላክ ሂልስ ተራሮች ከሆነ ግን ዳገት ላይ የካምቢዮው ዘይት ይግላል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን እምብዛም ስለማይዝ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ቢያምር አያታልላችሁ፤ ጎናቸው ላይ ከ«ዶት» (DOT) ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 1912 ካለ እ.ኤ.አ. በ2012 በ19ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የስድስት አዲስ ጎማ ዋጋ የአውቶቡሱን ዋጋ ሊያህል ይችላል፤ ባሎች ይህችን ሒሳብ መዝለል ይወዳሉ።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ኢንሹራንስ ጠይቁ። ብዙ ድርጅቶች ወደ መኖሪያ መኪና ያልተለወጠ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አይቀበሉም። በብዙ ግዛቶች ቢጫ ቀለሙ መለወጥ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶችና የ«ቁም» ምልክቱ መነሣት አለባቸው። ከሹፌሩ ወንበር አካባቢ የተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሙሉ ክብደት ከ26,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ስለ መንጃ ፈቃዱም መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን ቢሮ ጠይቁ።

ወለሉ ካልተበሳና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ሥራው የሚያልቅበትን ቀንና ወጪ ጽፋችሁ ተስማሙና ይግዛው። ካልሆነ ከገበሬው ላይ ያንን የኋላ ወንበር ብቻ ግዙ። አንድ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በረንዳ ላይ ይበቃል። በመተላለፊያው በኩል ያለው እግሩ ወለሉን አልፎ ከታች በዳዶ የታሰረ ነው። አንዳችሁ ከላይ ቡሎኑን ስትይዙ ሌላው ከሥር ይፍታው፤ ከዛገ ቁረጡት። በመስኮቱ በኩል እግር የለውም፤ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ከወለሉ እስከዚያ ማረፊያ ያለውን ቁመት ለኩ፤ ብየዳ ቤቱ የጎደለውን እግር የሚሠራው በዚያ ልክ ነው።