ከዘመኑ ስም በፊት ባሱን ስሙ

ውድ የሙዚቃ ተማሪዎች፣

የጆሮ ፈተና ላይ፣ የምትሰሙት ሙዚቃ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ስትጠየቁ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ ሁለተኛው ሐረግ እንኳ ሳይጀምር የብዙዎቻችሁ እጅ ወደ መልስ ወረቀቱ ይሮጣል። ባሮክ ወይም ሮማንቲክ ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ የምትሰሙት ሁሉ የጻፋችሁትን የሚደግፍ ይመስላችኋል። ለብዙ ዓመታት ጆሮ ሳሠለጥን ከዚህ የበለጠ ተማሪን የሚጥል ነገር አላየሁም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ወድቄበታለሁ። የቀረበልን የባሮኩ የባኽ ሥራ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹ በዝግታ፣ ፔዳሉን እየረገጠ ሲጫወተው ልቤ ተነካና ሮማንቲክ ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያውንና የራሴን ስሜት ሰምቼ ነበር፤ ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራ ግን አልሰማሁም። ኀዘን በየትኛውም ዘመን አለ። ፒያኖም ቢሆን የሁሉንም ዘመን ሙዚቃ ይጫወታል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ መጀመሪያ ጆሯችሁን ወደ ታች፣ ወደ ባሱ፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው የድምፅ መስመር አውርዱ። ዜማው ሳትፈልጉትም ይሰማችኋል።

ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ባለው የባሮክ ሙዚቃ ባሱ አይቀመጥም፤ ይራመዳል። ለብቻው ብታንጎራጉሩት ራሱን የቻለ ዜማ ይወጣዋል፤ ኮርዶቹም (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ከእርምጃው ጋር ቶሎ ቶሎ ይለወጣሉ። በዚያ ዘመን የሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ተጫዋቹ ከባሱ መስመር ጋር የተጻፉትን ቁጥሮች እያየ ኮርዱን ከራሱ ይሞላ ነበር። ሕንጻው የሚቆመው በባሱ ላይ ነበርና ባሱ እንዲህ ብርቱ መሆኑ አያስገርምም።

ወደ ሞዛርት፣ ወደ ክላሲካሉ ዘመን ስትሻገሩ ግራ እጅ ብዙ ጊዜ አንዱን ኮርድ ይበትነዋል፦ ዶ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሶል። ኮርዱ አንድ ሙሉ ባር (በኖታው ላይ በመስመር የሚለይ የምት ክፍል)፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይለወጥ ይቆያል። ከላይ ያለው ዜማ በአጫጭር ሐረግ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ በመካከል ዝም ይላል። ያንን ዝምታ አትለፉት፤ የባሮክ ሙዚቃ አንዴ ከተነሣ እስከ ማረፊያው ሳይቆም የመፍሰስ ጠባይ አለው፣ ክላሲካሉ ግን ትንፋሽ ይወስዳል።

በሮማንቲኩ በሾፐን ኖክተርኖች፣ ማለትም ሌሊትን በሚያስታውሱ የፒያኖ ሥራዎቹ ደግሞ ግራ እጅ ከጥልቁ አንድ ድምፅ ነክቶ ሩቅ ወደሆነ ኮርድ ይዘላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ፔዳሉ ነው። ሌላም ምልክት ልጨምርላችሁ፦ የሞዛርት ፒያኖ አምስት ኦክታቭ (አንዱ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) ያህል ብቻ ነበረው፣ የዛሬው ከሰባት ይበልጣል። ከቁልፎቹ የመጨረሻ ጫፍ የሚመጣ ነጎድጓዳማ ባስ ከሰማችሁ ሞዛርትን ከግምታችሁ አውጡት። ከሮማንቲኮቹ በኋላ ደቡሲ ላይ ስትደርሱ ኮርዶቹ ወደ ማረፊያ መሄዳቸውን ትተው ጎን ለጎን ይንሳፈፋሉ።

የሚያሳስቱም ሥራዎች አሉ። ፕሮኮፊየቭ የመጀመሪያ ሲምፎኒውን በ1916 እና በ1917 ሲጽፍ የክላሲካሉን የሃይደንን መንገድ ሆን ብሎ ተከትሏል። እዚያ ላይ አካሄዱን ተከታተሉ፤ በድንገት ወደማይጠበቅ ሩቅ ቁልፍ (የፒያኖው ሳይሆን ዜማው የሚቆምበት የድምፅ መሠረት) ሾልኮ ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል። ሃይደን እንዲህ ባለ ፍጥነት አይሾልክም።

ልምምዱን በጥንድ አድርጉት። የባኽን አንድ ሚኑዌትና የሞዛርትን አንድ ሚኑዌት ውሰዱ። ሁለቱም በሦስት ምት የሚሄዱ የአንድ ውዝዋዜ ዓይነት ስለሆኑ ምቱ አይረዳችሁም፤ ልዩነቱን ከሌላ ቦታ ለመፈለግ ትገደዳላችሁ። ዜማውን ትታችሁ የሁለቱንም ባስ በድምፃችሁ ዘምሩ። ድምፃችሁ ባያምርም ዘምሩ፤ ጉሮሮ የያዘውን ጆሮ አይረሳም። ከዚያ የሰማችሁትን በሁለት መስመር ጻፉ፣ የዘመኑን ስም ግን አትጻፉ። በመጨረሻ ኖታውን ከፍታችሁ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት።

ፈተናው ላይም ሙዚቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። ባሱን ያዙ። ሲደገም ሐረጎቹ የት እንደሚተነፍሱ ስሙ። ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አንሡ።