ቴልኔትን ከመዝጋትህ በፊት

"ወልድያ ቅርንጫፍ ያሉትን የሲስኮ ስዊቾች ደሴ ሆኜ በቴልኔት ነው የምገባባቸው። ወደ ኤስኤስኤች ልቀይር ብዬ ራሴን ውጭ እንዳልቆልፍ ፈራሁ" ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ አብሽር። መፍራትህ ልክ ነው። መቀየሩን ግን አትተወው። ሁለቱም ስዊቹን (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን) ከርቀት ገብተህ የምታዝባቸው መንገዶች ናቸው፤ ኤስኤስኤች ግን የሚያልፈውን ይሸፍነዋል። በቴልኔት የምትጽፈው ፓስዎርድ ምንም ሳይሸፈን ነው በመስመሩ ላይ የሚያልፈው። መሀል ላይ ዋየርሻርክ (በመስመሩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) የከፈተ ሰው ፊደል በፊደል ያነበዋል።

አንተ የፈራኸው እኔ ላይ ደርሷል። ክረምት ነው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ። ደሴ ቁጭ ብዬ ኮምቦልቻ ያለ ስዊች ላይ "ኤኤኤ ኒው ሞዴል" የምትለዋን ትዕዛዝ አስገባሁ። ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። ተመልሼ ልገባ ስል ዩዘርኔም ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን በፓስዎርድ ብቻ ስለምገባ ስዊቹ ላይ አንድም ዩዘር አልፈጠርኩም። ትዕዛዟ ደግሞ ከገባችበት ደቂቃ ጀምሮ የርቀት መግቢያውን ሁሉ በዩዘርኔም እንዲሆን ታደርጋለች። ስዊቹ አጠገብ ሆኖ በቀጥታ የሚገባበትን ሰማያዊውን ኮንሶል ኬብል ይዤ፣ በሐረጎ ጉም ውስጥ በሚኒባስ ወረድኩ። ኬብሉን ስሰካ ስዊቹ ምንም ሳይጠይቅ አስገባኝ፤ ትዕዛዟ ኮንሶሉን አትነካም። የቀረው ቅንብሩን ለመቀየር ሥልጣን የሚሰጠው የኢነብል ፓስዎርዱ ብቻ ነበር። ዩዘር ፈጥሬ ለመጨረስ 2 ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያን ቀን ስዊቹ ያለበት ካቢኔት ቁልፍ እንደሌለውም አየሁ፤ ኬብል ይዞ የመጣ ሁሉ እንደ እኔ ሊሰካ ይችላል ማለት ነው። በማግስቱ አስገዛሁለት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዩዘሩን ፍጠር። ፓስዎርዱን በ"ሲክሬት" እንጂ በ"ፓስወርድ" አታስገባ፤ ሁለተኛው ኮንፊጉ (የስዊቹ ቅንብር) ላይ በቀላሉ ይነበባል። ቀጥሎ ለስዊቹ ስምና ዶሜይን ስጠው፤ ያለ እነሱ ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን የምስጠራ ቁልፍ ላመንጭ ስትለው እምቢ ይልሃል። የአርኤስኤ ቁልፉን 2048 ቢት አድርገው። ከ768 በታች ከሆነ የኤስኤስኤች ቨርዥን 2 አይነሳም፣ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ቨርዥን 2ን ነው። ስዊቹ አሮጌ ሆኖ ቁልፉን የሚያመነጨውን የክሪፕቶ ትዕዛዝ ከነጭራሹ ካላወቀው፣ የተጫነበት ሶፍትዌር ኬ9 (ምስጠራ ያለበት ዓይነት) ስላልሆነ ነው። መጀመሪያ እሱን ቀይር።

አሁን ቪቲዋይ መስመሮቹ (የርቀት መግቢያዎቹ) ላይ "ሎጊን ሎካል" በል፤ ስዊቹ ላይ በፈጠርከው ዩዘር አስገባ ማለት ነው። "ትራንስፖርት ኢንፑት" ላይ ለጊዜው ኤስኤስኤችንም ቴልኔትንም ፍቀድ። የገባህበትን መስኮት ሳትዘጋ በሌላ መስኮት በኤስኤስኤች ግባ። ኢነብል ድረስ ሂድ። ያ ከሠራ ብቻ ቴልኔትን አውጣው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል፦ ከ0 እስከ 4 ያሉትን መስመሮች ዘግቶ ከ5 እስከ 15 ያሉትን ይረሳል። ቴልኔቱ በዚያ በኩል ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ወልድያ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ይህችን አትዝለላት። ሥራውን ሰው ከቢሮ ከወጣ በኋላ ጀምር። ምንም ሳትነካ ያለውን ኮንፊግ ሴቭ አድርግ፣ ከዚያ "ሪሎድ ኢን 10" በል። ብትቆለፍ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና ወደ ድሮው ይመለሳል። ሁሉም ከሠራ "ሪሎድ ካንስል" ብለህ ያኔ ሴቭ አድርግ። አዲሱን ሳትሞክር ቀድመህ ሴቭ ካደረግክ ግን የተበላሸው ኮንፊግ ነው አብሮ የሚነሳው።

ወደፊት የስዊቾቹን ዩዘሮች ሁሉ በአንድ ቦታ በሚይዝ በታካክስ ወይም በራዲየስ ሰርቨር አንድ ላይ ላስተዳድር ካልክ፣ ከሰርቨሩ ስም ቀጥሎ "ሎካል" የምትለዋን ቃል አትርሳ። ሎካሉ፣ ማለትም ስዊቹ ላይ የፈጠርከው ዩዘር፣ የሚሠራው ሰርቨሩ ጭራሽ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ሰርቨሩ መልሶ "ፓስዎርድህ ስህተት ነው" ካለህ ስዊቹ ወደ ሎካል አይሄድልህም። ሎካሉን ለመሞከር የሰርቨሩን መስመር መንቀል አለብህ። እኔ ሁሌ ነቅዬ ነው የማየው።

ስትጀምር የስዊቹን ሞዴል ጻፍልኝ፤ ትዕዛዞቹን አብረን በቅደም ተከተል እናያቸዋለን።