ርብ ዳር ላለው ጎተራህ፦ ክትር ወይስ ከፍ ማድረግ?

ከፍ አድርገው። ፎገራ ላይ ርብ ወንዝ ዳር ላለ ጎተራ የአፈር ክትር አያዛልቅም።

መጀመሪያ ያለፈው ጎርፍ ግድግዳው ላይ የተወውን የጭቃ ምልክት ፈልግ፣ ከዚያ የድንጋይ መደቡን ከምልክቱ ቢያንስ አንድ ክንድ አሳልፈህ ስራ። የድሮው ልክ አይበቃም፤ አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ስለሚችል ዝናቡ ሲመጣ ባንዴ ነው የሚዘረገፈው። ለዘር ያስቀመጥከውን ግን ሐምሌ ሳይገባ ከፍታ ላይ ያለ ዘመድ ቤት አድርስ።

እኛ ክትር ሰርተን ነበር። ሌሊት ተደረመሰ፣ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ሳምንት ተኛ፣ ሩዙ ሻገተ። የሻገተ እህል ቢታጠብም ቢቆላም እንዳትበሉት፣ መርዙ በእሳት አይጠፋም። ለከብትም አትስጥ።