የሰርቨር ራክ ኃይል ማከፋፈያ አመራረጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በሰርቨር ራክ (ሰርቨሮች በሚደረደሩበት የብረት መደርደሪያ) ላይ የሚታሰረውን የኃይል ማከፋፈያ፣ ማለትም ባለሙያዎች ፒዲዩ የሚሉትን ዕቃ በመምረጥ ላይ ስለሆነ በአንድነት መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በምሠራበት ፋብሪካ አንድ ራክ ላይ 6 ሰርቨሮች፣ 1 ስቶሬጅ (የመረጃ ማከማቻ) እና 2 ስዊቾች (የኔትወርክ ማገናኛዎች) አሉ። ነጋዴው ባለ 16 እና ባለ 32 አምፔር ፒዲዩ አቅርቦልኛል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ በፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለዕቃው በሚያቀብለው ክፍል ላይ የተጻፈው ለምሳሌ 750 ዋት የዕቃውን የመጨረሻ አቅም እንጂ በሥራ ላይ የሚወስደውን ኃይል አይናገርም፤ ስለዚህ ጽሑፉን ደምሮ የሚገዛ ሰው ያለ ልክ ገንዘብ ያወጣል። የሚሻለው ሥራ በሚበዛበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ደመወዝ በሚሠራበት ቀን፣ ሽቦ አቅፎ ከረንት በሚለካው መሣሪያ፣ በክላምፕ ሜትር ማስለካት ነው። ክላምፑ ማቀፍ ያለበት አንዱን ሽቦ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሙሉውን ገመድ ካቀፈ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ንባቡ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሥራውን በብሬከር ሳጥኑ ላይ ኤሌክትሪሻን ቢሠራው ይመረጣል።

ልኬቱ ለእያንዳንዱ ሰርቨር 350 ዋት፣ ለስቶሬጁ 600፣ ለስዊቾቹ 150 ዋት ሆነ እንበል። ድምሩ 2,850 ዋት ሲሆን በ220 ቮልት ወደ 13 አምፔር ይጠጋል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ሳይቋረጥ የሚሠራ ጭነት ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል፤ እኛ የምንጠቀምባቸው ዕቃዎች በዚያ ደንብ የተሠሩ ባይሆኑም እኔ ይህን ልክ አልለቅም። የ16 አምፔር 80 በመቶ 12.8 ነው፤ ገና ከመነሻው አልፈውታል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጅ ሲወርድ የጎደለውን ለማካካስ ተጨማሪ ከረንት ስለሚስብ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) የሚያወጣው ቮልቴጅ የተስተካከለ ካልሆነና መስመሩ ወደ 190 ከወረደ ያው ጭነት 15 አምፔር ይሆናል። ባለ 32ቱን ይግዙ። ይሁን እንጂ እርሱ በግድግዳ ሶኬት የሚሰካ ዕቃ አይደለም፤ ሰማያዊውን ክብ የኢንዱስትሪ ስፒና፣ የራሱን ብሬከርና ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ስለሚፈልግ ይህንንም ወጪ ከዋጋው ጋር ይደምሩት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጥሩ ዲቫይደር ብንጠቀም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሰርቨር ሌት ተቀን ይሠራል፤ የተለመደው ዲቫይደር ግን ለእንዲህ ዓይነት ጭነት አልተሠራም፣ መገናኛው እየላላ ሲሄድም ይግላል። የራክ ፒዲዩ እስከ 10 አምፔር የሚሸከሙ ሲ13 እና እስከ 16 አምፔር የሚሸከሙ ሲ19 የሚባሉ ሶኬቶች አሉት። ገመዱን ቆልፎ የሚይዝ ሞዴል ቢያገኙ ደግሞ አንድ ሰው በክርኑ ነክቶ ሰርቨር አያጠፋብዎትም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ለመጠባበቂያ ብለን 2 ፒዲዩ ገዝተን ሁለቱንም ከአንድ ዩፒኤስ ጋር አገናኝተናል። እያንዳንዳቸው 60 በመቶ ጭነት ይዘዋል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ዩፒኤሱ በተበላሸ ዕለት ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ሁለቱ ፒዲዩዎች በተለያየ ዩፒኤስ ላይ ቢሆኑ እንኳ አንዱ ሲጠፋ ከሁለቱም ጋር የተገናኙት ባለ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ዕቃዎች ጭነታቸውን ወደ ሌላው ስለሚያዞሩ፣ እርሱ 120 በመቶ ተሸክሞ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ራኩም እንዳለ ይጨልማል። በአዘቦት ቀን እያንዳንዳቸው ከ40 በመቶ በላይ እንዳይዙ ያድርጉ። አንድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ላላቸው ስዊቾች ከሁለት ምንጭ ተቀብሎ በራሱ የሚቀያይር አነስተኛ ማዛወሪያ ይበጃል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በዕቃው መግለጫ ላይ «እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ» የሚል አየሁ። ያሳስባል?

መልስ፦ ጥሩ አይተዋል፤ ብዙ ገዢ ይህን መስመር ዘሎት ያልፋል። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየር ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም፣ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለብሬከርም ሆነ ለዩፒኤስ ከ2,000 ሜትር በላይ አቅሙ በስንት እንደሚቀነስ አምራቹ ያወጣውን ሰንጠረዥ ይጠይቁ። ለፒዲዩ መፍትሔው ቀላል ነው፤ እስከ 3,000 ሜትር የተፈቀደላቸው ሞዴሎች ገበያ ላይ አሉ። የኮምቦልቻ ሰው ከ2,000 በታች ስለሆነ በዚህ አይቸገር፤ እርሱን የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፒዲዩ የሚታሰረው የሰርቨሮቹ ትኩስ አየር በሚወጣበት በራኩ ጀርባ ስለሆነ፣ እስከ 45 ዲግሪ ከሚለው ይልቅ እስከ 60 የሚችለውን ይምረጥ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ቢሯችን ደሴ፣ ሰርቨሮቻችን ኮምቦልቻ ናቸው። አንድ ዕቃ አልታዘዝ ባለ ቁጥር አጥፍቶ ለማብራት ብቻ በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ሰልችቶናል። ከርቀት የሚታዘዝ ፒዲዩ ለዋጋው ይበቃል?

መልስ፦ ለእናንተ ይበቃል፤ ራኩ አጠገባቸው ላለ ሰዎች ግን የከረንት መጠን የሚያሳየው መካከለኛ ዓይነት በቂ ነው ባይ ነኝ። አስቀድማችሁ ግን ሰርቨሮቹ እንደ ዴል አይድራክ ወይም እንደ ኤችፒ አይሎ ያለ የራሳቸው የርቀት መቆጣጠሪያ እንዳላቸው አረጋግጡ፤ ካላቸው እነርሱን ለማጥፋትና ለማብራት ፒዲዩ አያስፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ሁሉም ዕቃ በአንድ ቅጽበት ሲነሣ የሚስበው ከረንት ብሬከር ሊጥል ስለሚችል፣ ስዊቹና ስቶሬጁ ቀድመው፣ ሰርቨሮቹ ደግሞ በየተራ ሰከንዶች ተለያይተው እንዲነሡ ማዘዝ ይቻላል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በዕለቱ ቀይሩ፤ ፒዲዩውንም በቀጥታ ለኢንተርኔት አታጋልጡት። ራውተሩ ራሱ ከቆመ ደግሞ ከደሴ የምትሰጡት ትእዛዝ ፒዲዩው ጋ ስለማይደርስ፣ በሞባይል ሲም የሚሠራ ሁለተኛ መግቢያ ካላዘጋጃችሁ ሐረጎን መውረዳችሁ አይቀርም።