ዝናብ ሲመጣ የሚዳከም የ5.8 ጊጋኸርዝ ግንኙነት

ጥያቄው ባጭሩ፦ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉ ሁለት ሕንፃዎች በ5.8 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ተገናኝተዋል። አንቴናዎቹ እያንዳንዳቸው 23 ዲቢአይ (አንቴናው ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያጎላበት መጠን)፣ የማሰራጫው ኃይል 23 ዲቢኤም (የሬዲዮ ኃይል መለኪያ) ነው። ሲግናሉ በደረቅ ቀን -60 ዲቢኤም፣ በዝናብ ቀን -74 ይሆናል (ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት አይመለስም። መሃል ላይ ዛፎች ቢኖሩም የማዶው ምሰሶ በቅርንጫፎቹ መካከል ይታያል። ኃይል ልጨምር?

መልሱ፦ ኃይል አይጨምሩ፣ ከፍታ ይጨምሩ።

መጀመሪያ ማግኘት የሚገባዎትን ሲግናል እናስላ። ሞገዱ እየተስፋፋ ስለሚሄድ፣ ምንም ነገር ባይጋርደውም በ2 ኪሎ ሜትር ላይ 114 ዲቢ (የሲግናል ጭማሪና ቅናሽ መለኪያ) ገደማ ይጠፋል። የማሰራጫው 23 እና የሁለቱ አንቴናዎች 46 ሲደመሩ 69 ነው፤ ከዚያ 114 ሲቀነስ -45 ዲቢኤም ይቀራል። እርስዎ ዘንድ ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ 15 ዲቢ ጎድሏል። ይህን በኃይል ለማካካስ ማሰራጫውን 30 እጥፍ ያህል ማሳደግ ይጠይቃል።

በአየር ላይ ያለው የዝናብ ጠብታ ዋናው ምክንያት አይደለም። የሞገዱ ርዝመት 5.2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጠብታው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከባድ ዝናብም በዚህ ርቀት ላይ የሚወስደው 1 ዲቢ ገደማ ነው። ዝናብ ራሱ ትልቅ ጣጣ የሚሆነው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ነው። ቅጠል ግን ስፋቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ይቀራረባል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ጉልበቱን ይመጥጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ላዩ ላይ ሌላ የውኃ ሽፋን ይደርባል። ዝናቡ ቆሞ ሲግናሉ የማይመለሰው ቅጠሉ እስኪደርቅ ነው።

ምሰሶ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ግን ችግሩ የኬብሉ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሬዲዮዎ የሁለቱን ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝባቸውን ሁለት አቅጣጫዎች) ሲግናል ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ በዝናብ ጊዜ ይመልከቱ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ፣ ወይም ፀሐይ ወጥቶም ለቀናት ካልተመለሰ፣ ኮኔክተር (የኬብሉ መጋጠሚያ) ውስጥ ውኃ ገብቷል። ውኃ የገባበትን ኮኔክተር ማድረቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ኬብሉን ቆርጠው በአዲስ ይተኩት። ከዚያም እየለጠጡ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅልሉት።

አሁን ወደ ከፍታው። ማዶው በዓይን መታየቱ አይበቃም፤ ሞገዱ በአንቴናዎቹ መካከል የሚጓዘው መሃሉ ላይ ሰፍቶ ነው። ይህ ስፋት ፍሬኔል ዞን ይባላል። በእርስዎ ርቀትና ድግግሞሽ መሃል ላይ ራዲየሱ 5.1 ሜትር ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 3 ሜትር ያህሉ፣ ከዛፉ ጫፍ በላይ ክፍት መሆን አለበት። ዛፍ ያድጋልና 2 ሜትር ተጨማሪ ቢተዉ ይሻላል። ዛፎቹ በትክክል መሃል ላይ ከሆኑ አንዱን ምሰሶ ብቻ በ4 ሜትር ማሳደግ መስመሩን እዚያ የሚያነሳው በ2 ሜትር ነው። ከአንዱ ጫፍ በ200 ሜትር ላይ ከሆኑ ደግሞ የሚፈለገው ክፍት ቦታ 1.8 ሜትር ብቻ ነው፤ ቅርብ ያለውን ምሰሶ ማሳደግም ከሞላ ጎደል ሙሉ ጥቅም ይሰጣል። ስለዚህ ብረት ከመግዛትዎ በፊት የዛፎቹን ርቀት ይለኩ። የመሬት ክብነት በ2 ኪሎ ሜትር ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆነ ይተዉት።

ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ መውረድ በቅጠል ውስጥ የሚጠፋውን ይቀንሳል፤ ግን የፍሬኔሉ ራዲየስ ወደ 7.9 ሜትር ያድጋል፣ የሌሎች ሬዲዮዎች ጣልቃ ገብነትም ይበዛል። ምሰሶ ማሳደግ ፈጽሞ ካልተቻለ በስተቀር አልመክረውም።

ምሰሶውን ካሳደጉ በኋላ አንቴናውን እንደገና ያነጣጥሩ። ከፍ ያለ ሲግናል ሲያገኙ ወዲያው አያጥብቁት፤ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አሳልፈው ይፈትሹ። ከ-45 እስከ -48 ካነበቡ ተሳክቷል። -65 አካባቢ ላይ ከቆመ ግን ያነጣጠሩት በዋናው ጨረር ሳይሆን በጎን ጨረሩ (አንቴናው ወደ ጎን በሚለቀው ደካማ ጨረር) ነው፤ ብሎኑን ላልተው በሰፊው ያዙሩት።