«ቆላፍ ለተክሊል አይበቃም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። ስሜን አልጻፍኩም፣ ይቅርታ። 28 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ነው። እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ መግረዝ ልማድ አልነበረም፤ እኔም አልተገረዝኩም። አሁን ኮዬ ፈጬ አንድ ሳይት ላይ ፌሮ እሠራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ተምሬ ተጠምቄያለሁ። እጮኛ አለችኝ፤ ሠርጋችንን ለጥር አስበናል። አጎቷ ነገሩን ከየት እንደሰሙ አላውቅም፣ «ቆላፍ ለተክሊል አይበቃም» አሉ። ሳይት ላይ ደግሞ አንዱ ጓደኛዬ «ካልተገረዝክ ሚስትህን አታስደስትም፣ ልጅም አትወልድም» ይለኛል። ሌላው «በዚህ ዕድሜህ ከተገረዝክ ስሜትህ ይሞታል» ብሎ የቲክቶክ ቪዲዮ ያሳየኛል። አለመገረዜ ኃጢአት ነው? ብገረዝስ ትዳሬን ይጎዳብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የደረሰኝ በሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ላይ ተጽፎ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱን የጥያቄ ሣጥን የከፈተችው ልጅ ሁለት መስመር አነበበችና ቶሎ አጠፈችው። «ይሄ የእርስዎ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ለብቻህ ልመልስልህ ነበር ሐሳቤ። ስምህ ከሌለ ግን የት ላግኝህ? ደግሞም ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን ባለው ኮንዶሚኒየምና ሳይት ሰው የመጣው ከየአገሩ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ማንን ልጠይቅ የሚል ብዙ ወጣት አለ። ስለዚህ በአደባባይ ልመልሰው።

ከአጎትየው ልጀምር። ተሳስተዋል። በክፋት ነው አልልም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነገር ነው የተናገሩት። ግን ተሳስተዋል።

ግዝረት የተሰጠው ለአብርሃም ነው፤ ዘፍጥረት 17ን ክፈት። አብርሃም ሲገረዝ 99 ዓመቱ ነበር፣ እስማኤል 13። (ስለዚህ «በዚህ ዕድሜህ» ለሚልህ ጓደኛህ መልስ አለህ።) ይስሐቅ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ። ጌታችንም ሕግን ሊፈጽም መጥቷልና በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፤ ሉቃስ 2፥21 ላይ ታገኘዋለህ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን ታከብረዋለች፤ ከዘጠኙ ንዑሳን የጌታ በዓላት አንዱ ነው። እኛም ወንድ ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፣ በአርባኛው ቀን እናጠምቃለን። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ እኔም ልጆቼን አስገርዣለሁ።

ልማድ ሌላ፣ የመዳን መንገድ ግን ሌላ። አሕዛብ ማመን ሲጀምሩ «እንደ ሙሴ ሥርዓት ካልተገረዛችሁ ትድኑ ዘንድ አትችሉም» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ያንን ቀንበር አልጫኑባቸውም፤ ሐዋርያት ሥራ 15 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በል። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ገረዘው። ቲቶን ግን አልገረዘውም። ያው አንድ ጳውሎስ ነው! ጢሞቴዎስ እናቱ አይሁዳዊት ነበረች፤ በአካባቢው ያሉ አይሁድ እንዳይሰናከሉበት ገረዘው። በቲቶ ጊዜ ግን «ያለዚህ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች መጡ። እዚያ ላይ ጳውሎስ እምቢ አለ። ሥራው አንድ ነው፤ የተለያየው ምክንያቱ ነው። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የእኛም አባቶች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የላቲን ካህናት «እናንተ ኢትዮጵያውያን ሰንበትን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ አይሁድ ናችሁ» ብለው ይከሱን ነበር። ንጉሡ በ1547 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1555፣ የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው መለሱላቸው። ስለ ግዝረት ያሉት ሐሳብ ይህ ነው፦ እንደ አይሁድ አይደለም የምንገረዘው፣ የጳውሎስን ቃል እናውቃለን፣ ለእኛ የአገር ልማድ ነው፤ ፊት ላይ እንደሚደረግ ጭረት፣ ሕንዶችም ጆሯቸውን እንደሚበሱት። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ከጆሮ መበሳት ጋር ያስቀመጡትን ነገር እኛ የተክሊል መስፈርት ልናደርገው ነው?

አንተ ተጠምቀሃል። ቆላስይስ 2፥11 «በእጅ ባልተደረገ መገረዝ» ተገረዛችሁ የሚለው የተጠመቀውን ነው። ስለዚህ ኃጢአት የለብህም፤ ከጥምቀትህም የጎደለ ነገር የለም። ለዚህም ነው አንድ ነገር የማስጠነቅቅህ። «ካልተገረዝኩ ክርስትናዬ ሙሉ አይሆንም» ብለህ እንዳትገረዝ። ገላትያ 5፥2 የተጻፈው ለዚያ ዓይነት ሐሳብ ነው። ለጤናህ ብለህ ከሆነ ግን እንደማንኛውም ሕክምና ነው። ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

አሁን ወደ መኝታው ጉዳይ። አትፈር። ዕብራውያን 13፥4 ጋብቻ ክቡር፣ መኝታውም ንጹሕ ይሁን ይላል፤ ስለ ክቡር ነገር መጠየቅ ነውር የለውም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ግን ጤና መኮንን የሆነች እህት አለች። ከዚህ በታች ያለውን አንብባ፣ ሁለት ቦታ አርማ፣ መልሳልኛለች።

የመጀመሪያው ጓደኛህ ያለው ተራ ወሬ ነው። ሸለፈት መኖሩ ዘር አይከለክልም። በዓለም ላይ ካሉት ወንዶች አብዛኞቹ አልተገረዙም፤ ልጅ ግን ይወልዳሉ።

የሁለተኛው ግን ትንሽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የቆየ ሐሳብ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የኖረው አይሁዳዊው ሐኪምና ፈላስፋ ማይሞኒደስ፣ ግዝረት የተሰጠው ፍትወትን ለማዳከም ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሸለፈት ላይ ብዙ የስሜት ነርቭ መኖሩም እውነት ነው። ታዲያ ሰው አድጎ ሲገረዝ ምን ይሆናል? ይህ ተሞክሯል፣ ያውም በጎረቤቶቻችን። ኬንያ ውስጥ ኪሱሙ ላይ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆነ 2,784 ያልተገረዙ ወጣቶች ፈቃደኛ ሆነው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው ተገረዙ፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ተደረገ። ለሁለት ዓመት ያህል ስለ ብልት መቆም፣ ስለ ስሜት፣ ስለ እርካታ ተጠየቁ። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ኡጋንዳ ራካይ ላይ የተደረገውም እንዲሁ።

ራካይ ላይ ደግሞ ሚስቶቹም ተጠይቀዋል። ይህ ደስ ይለኛል፤ እኛ ዘንድ እነሱን ማን ይጠይቃል? ባሎቻቸው አድገው ከተገረዙ ሴቶች ከመቶ 57ቱ ለውጥ የለም አሉ። ወደ 40 የሚጠጉት ተሻለ አሉ። ሦስት የሚያህሉት ቀነሰ አሉ።

ሐቁን አልደብቅህም፤ ስሜቴ ቀንሷል የሚሉ የተገረዙ ወንዶችም አሉ። ቤልጂየም ውስጥ በመጠይቅ የተሠራ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎችን አግኝቷል። መጠይቅ ግን በዕጣ ተከፍሎ እንደተሠራ ጥናት አይመዝንም፤ ቅር ያለው ሰው ነው ቶሎ የሚሞላው። ቪዲዮው ላይ የምታየው ሰውዬም ከእነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል። አልዋሸም ይሆናል፤ የእሱ ታሪክ ግን የሁሉ ታሪክ አይደለም። ሥራው በትክክል ካልተሠራ፣ ቆዳው ከመጠን በላይ ከተቆረጠ፣ ቁስሉ ካመረቀዘ ግን ጉዳቱ እውነተኛ ነው።

ስለ ጤናው ባጭሩ። ከላይ ያልኳቸው የኬንያና የኡጋንዳ ጥናቶች፣ ደቡብ አፍሪካ ከተደረገው ሌላ ጥናት ጋር፣ ዋና ዓላማቸው ኤች አይ ቪ ነበር። የተገረዘ ወንድ ከሴት በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳዩ። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ግዝረትን ከመከላከያ መንገዶች አንዱ አድርጎ መከረ። በእኛ አገር ፕሮግራሙ የተሠራው በተለይ ጋምቤላ ላይ ነው፤ ምናልባት እዚያ ያሉ እኩዮችህ ተገርዘው ይሆናል። ኤችፒቪ የሚባለውንም ቫይረስ ይቀንሳል፤ የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው እሱ ነውና ለሚስትህም ይጠቅማል። የብልት ካንሰርም በተገረዙት ላይ ብርቅ ነው። ግን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ጨብጥን ይከላከላል ብለህ አትመን። ባልየው ቫይረሱ ካለበት ደግሞ ሚስቱን ከመያዝ አያድናትም። ከሠርጉ በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ብዙ አጥቢያ ወረቀቱን ይጠይቃል፣ ባይጠይቅም ተመርመሩ። «ተገርዣለሁ፣ ምን ይነካኛል» እያለ የሚዞር ጎረምሳ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አልተጻፈም።

አልገረዝም ካልክስ? ትችላለህ። ሸለፈቱን ወደ ኋላ ሰብስበህ በየቀኑ በውኃ ታጠብ። አልመለስ ካለ፣ ካመመህ፣ ደጋግሞ ከቆሰለ ሐኪም ጋ ሂድ። ደጋግሞ መቁሰል አንዳንዴ የስኳር በሽታ ምልክት ነው።

ከመወሰንህ በፊት ግን ለእሷ ንገራት። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አጎቷ አሉበት፣ ጓደኞችህ አሉበት፣ ቲክቶክ አለበት። እሷ ምን እንዳለች አንድ ቃል የለም። ቆሮንቶስ ቀዳማዊ 7፥4ን አባቶች ለሴቶቹ ሲጠቅሱ ሰምተህ ይሆናል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ላንተ ነው፤ ባልም በሥጋው ላይ ሥልጣን ለሚስቱ ነው እንጂ ለራሱ አይደለም ይላል። ገና አላገባችሁም፣ ልክ ነው። ግን ከወዲሁ ጀምሩት። «እንዲህ ነኝ፣ እንዲህ ብለውኛል፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» በላት። ምናልባት ጉዳዩ ጭራሽ አያሳስባት ይሆናል። ምናልባትም ትፈልግ ይሆናል። ለእሷና ለቤተሰቧ ሰላም ብለህ ብትገረዝ ያ የጢሞቴዎስ መንገድ ነው። «ካልተገረዘ አናጋባም» ተብለህ አፍረህ ከሆነ ግን የቲቶን አስብ።

ከወሰንክ ቀኑን ላስላልህ። ሕክምናው ግማሽ ሰዓት የሚያህል ነው፤ በማደንዘዣ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትገባለህ። ለጥቂት ቀን ፌሮ መሸከም፣ መወጣጫ ላይ መውጣት የለም፤ ለፎርማንህ ቀድመህ ንገረው። ሌሊት ብልት ሲቆም ስፌቱ ያማል፣ ያልፋል። ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሩካቤ የለም፤ ብቻህንም መነካካት የለም። ላንተ ከሠርግ በፊት ይህ አዲስ ነገር አይደለም መቼም። ይህን ለሚያነቡ ባለትዳሮች ግን እላለሁ፣ ቁስሉ ሳይድን መገናኘት በሽታ የመተላለፍን ዕድል ይጨምራል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ 43 ቀን ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ጾሙ ሲገባ የተገረዘ ሰው ለገና ድኖ ይነሣል። ከጥምቀት በኋላ ለሚሆን ሠርግ ይደርስልሃል።

ነገ ወንድ ልጅ ሲወለድልህ ደግሞ በስምንተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ምላጭ ይዞ ቤት ለቤት ለሚዞር አትስጠው። አንድ የጎረቤቴ ልጅ ደሙ አልቆም ብሎ ሌሊት በባጃጅ ይዘነው ሮጠናል። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያንን ለቅሶ አልረሳውም። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ወይም የታመመ ከሆነ ስምንተኛውን ቀን አትጠብቅ፣ ይለፍ። በዘር ደም ያለመርጋት ችግር ካለ ለሐኪሙ ተናገር። የሽንቱ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር ከሆነም አታስገርዝ፤ ሸለፈቱ ለቀዶ ጥገናው ይፈለጋል።

ሴት ልጅ ብትወለድ ግን ማንም እንዳይነካት። ለአብርሃም የተሰጠው ቃል «ወንድ ሁሉ» ነው የሚለው፤ ለሴት የተባለ ነገር የለም። የሴት ግርዛት ጥቅም የለውም፣ በወሊድም በሩካቤም ሥቃይ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ይቀጣበታል። እዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጮኛህን ይዘህ ና። አጎትየውንም ጋብዝልኝ፤ የቲቶንና የጢሞቴዎስን ነገር አብረን እናነባለን። ቆላፍ የሚለውን ቃል ግን ደጅ ትተውት እንዲገቡ ንገራቸው።