ስለ ፕሮስቴት ካንሰርና ፔት ስካን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ በኑክሌር ሕክምና ክፍል እሠራለሁ። መድኃኒቱን ወግቼ ማሽኑ ላይ የማስተኛው ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጻፉልኝ፦ የተወጋው ትሬሰር (ፔት ማሽኑ የሚያየው ጨረር ያለው መድኃኒት) የትኛው ነው? ፒኤስኤውስ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም ምርመራ የሚለካው ፕሮቲን) ስንት ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ ፔት ተነስቶ ንጹህ ነው ተባለ። አሁን ደግሞ ሌላ ፔት ይነሳ ይላሉ። ገንዘብ ፈልገው ነው?

መልስ፦ የትኛው ፔት? ፒኤስኤውስ?

ጠያቂዋ፦ ወረቀቱ ኤፍዲጂ ይላል። ፕሮስቴቱ ከወጣ 3 ዓመቱ ነው። ፒኤስኤው 1.4።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቂኝ እንጂ እህቴ! ኤፍዲጂ ስኳር ነው። ብዙ ካንሰር ስኳር ይሻማል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ግድ የለውም። በዚያ ላይ ኤፍዲጂ በሽንት ስለሚወጣ ፊኛው አብርቶ ዙሪያውን ይጋርዳል። አሁን የፈለጉት ፒኤስኤምኤ ፔት ይመስለኛል። እሱ የካንሰሩ ሴል ላይ ያለ ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። በ2019 በወጣ የ635 ሰዎች ጥናት፣ ፒኤስኤ ከ1 እስከ 2 በሆነበት ከ100 ሰው በ84ቱ አግኝቷል። ከ0.5 በታች ሲሆን ግን በ38ቱ ብቻ። ስለዚህ ምስሉ ባዶ ሆነ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሊየም ይሻላል ፍሎሪን?

መልስ፦ ሁለቱም ትሬሰሩ ላይ የሚጣበቁ ጨረር አመንጪዎች ናቸው፤ ሆስፒታላችሁ ያለውን ተነሱ። ጋሊየም 68 በ68 ደቂቃ ግማሹ ያልቃል (ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ነው)፣ ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ። ፍሎሪኑ ከሩቅ ተጭኖ መምጣት ይችላል።

ጥያቄ፦ አክሱሚን የሚባለው ከአክሱም ነው እንዴ የመጣው?

አንድ አባል፦ ታዲያስ! የኛ ነው!

ሌላ አባል፦ ፈረንጅ ስም ባወጣ ቁጥር የኛ ማለት አይሰለቻችሁም?

መልስ፦ በስሙ አታጣሉኝ። እሱም ለፕሮስቴት ካንሰር ፔት የሚወጋ ትሬሰር ነው፣ አሚኖ አሲድ፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ2016 ነው። ከመወጋታችሁ 4 ሰዓት በፊት ምግብ የለም።

አንድ አባል፦ እኔ ግን በልቼ ነው የገባሁት፣ ማንም አልከለከለኝም።

መልስ፦ ያንተ ፒኤስኤምኤ ይሆናል። ለሱ መጾም አያስፈልግም። ለዚህ ነው ትሬሰሩን ጻፉ የምለው!

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውሉ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ጎድን አጥንት ላይ አንድ ነጥብ አበራ። ፒኤስኤምኤ 1007፣ ፒኤስኤ 0.6። ተሰራጨ ማለት ነው? እንቅልፍ አጥተናል።

መልስ፦ ቆይ፣ ይቺን ረጋ ብዬ ልመልስ። ፒኤስኤምኤ ስሙ የፕሮስቴት ብቻ ያስመስለዋል እንጂ የፕሮስቴት ብቻ አይደለም። የምራቅ ዕጢ፣ የእንባ ዕጢ፣ ኩላሊት፣ ትንሹ አንጀት፣ ሁሉም ያበራል። የዳነ ስብራት እንኳ ያበራል። 1007 የሚባለው የፒኤስኤምኤ ትሬሰር ደግሞ ባብዛኛው በጉበት በኩል ስለሚወጣ ፊኛውን አያደምቅም፤ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው። ጣጣው አጥንት ላይ፣ በተለይ ጎድን ላይ፣ ምንም ያልሆኑ ነጥቦችን ማብዛቱ ነው። ወንድምህ ወድቆ ያውቃል? ለሐኪሙ ንገሩት። ከፔቱ ጋር የተነሳው ሲቲ ላይ እዚያው ቦታ ምን እንዳለ ጠይቁ። ካልጠራ ኤምአርአይ ወይም ናሙና አለ። በአንዲት ነጥብ ብቻ አራተኛ ደረጃ ነው ብላችሁ ለቅሶ አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤፍዲጂ ለፕሮስቴት ጭራሽ አይረባም?

መልስ፦ ይረባል። በሽታው ገፍቶ ፒኤስኤምኤ ማሳየት ያቆመ ካንሰር በኤፍዲጂ ሊያበራ ይችላል። ሉቴሺየም (ፒኤስኤምኤ ላይ ተለጥፎ ካንሰሩን በጨረር የሚመታ ሕክምና) ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱንም የሚያስነሱ ሐኪሞች ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ፔት አበራ ተባለ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ትሬሰሩ? ፒኤስኤው? ከላይ ያለውን ማንም አያነብም ማለት ነው?